ኬራስ፦ የህዋስ ማብሪያ ማጥፊያ ፕሮቲን በካንሰር እድገት ውስጥ ያለው ሚና

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ኬራስ ከህዋስ ውጭ የሚመጣን የእድገት መልእክት ተቀብሎ ወደ ህዋሱ ውስጥ የሚያስተላልፍ አነስተኛ ፕሮቲን ነው። በጤናማ ህዋስ ውስጥ መልእክት ሲደርሰው ይበራል፤ ተግባሩን ሲፈጽም ይጠፋል። በዘረመሉ ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ ሲደርስ ግን ፕሮቲኑ መጥፋት ይሳነዋል፤ ህዋሱም ማንም ሳያዝዘው መባዛቱን ይቀጥላል። ይህ ጽሑፍ የኬራስን የግኝት ታሪክ፣ የአሠራር ሥርዓቱን፣ ለካንሰር መነሻ የሚሆንበትን መንገድ፣ ለአርባ ዓመታት ያህል መድኃኒት ሳይገኝለት የቆየበትን ምክንያትና በቅርብ ዓመታት የታየውን ለውጥ ያብራራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

የሰው አካል ህዋሳት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ፈቃድ የሚኖሩ አይደሉም። አንድ ህዋስ መቼ እንደሚከፈል፣ መቼ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚሞት የሚወስነው ከጎረቤቶቹና ከሩቅ አካላት በሚደርሱት ኬሚካዊ መልእክቶች ነው። መልእክቱ በህዋሱ ሽፋን ላይ ባለ ተቀባይ ፕሮቲን ይያዛል፤ ከዚያም በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለሚገኙ አስተላላፊ ፕሮቲኖች ይሰጣል፤ እነዚህም እየተቀባበሉ እስከ ኑክሊየስ ድረስ ያደርሱታል። ካንሰር በብዙ መልኩ የዚህ የመልእክት ሥርዓት መዛባት ውጤት ነው። ዕጢ የሚሆነው ህዋስ ያልተላከለትን መልእክት እንደተላከ አድርጎ ይቆጥራል።

ከአስተላላፊ ፕሮቲኖች መካከል በሰው ካንሰር ውስጥ እጅግ ተደጋግሞ ተለውጦ የሚገኘው የራስ ቤተሰብ ነው። ስሙ ከአማርኛው «ራስ» ጋር ዝምድና የለውም፤ ቤተሰቡ መጀመሪያ ከታወቀበት የአይጠ መጎጥ ሳርኮማ የእንግሊዝኛ ስያሜ ተቆርጦ የተወሰደ ነው። በሰው ውስጥ ቤተሰቡ ሦስት ዘረመሎች አሉት፤ እነርሱም በክሮሞዞም 11 ላይ የሚገኘው ኤችራስ፣ በክሮሞዞም 12 ላይ የሚገኘው ኬራስ እና በክሮሞዞም 1 ላይ የሚገኘው ኤንራስ ናቸው። ከሦስቱ በካንሰር ውስጥ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው ኬራስ ነው። ከቆሽት ቱቦ ካንሰሮች 90 በመቶ ያህሉ፣ ከደንዳኔና ከፊንጢጣ ካንሰሮች 40 በመቶ ያህሉ፣ በምዕራባውያን አገሮች ከሚታዩት የሳንባ አዴኖካርሲኖማዎችም ከአራቱ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ የተለወጠ ኬራስ ይገኝባቸዋል። እነዚህ ሦስት በሽታዎች በዓለም ላይ ከፍተኛ ሞት ከሚያስከትሉት ካንሰሮች መካከል በመሆናቸው፣ የአንዲት አነስተኛ ፕሮቲን ጉዳይ የሚሊዮኖች ሕይወት ጉዳይ ሆኗል።

2. ከአይጠ መጎጥ ቫይረስ ወደ ሰው ዘረመል

የራስ ታሪክ የጀመረው በቫይረስ ጥናት ነው። ጄኒፈር ሃርቪ በ1964 በአይጠ መጎጦች ውስጥ ያለፈ የሉኪሚያ ቫይረስ በአዲስ የተወለዱ አይጦች ላይ ሳርኮማ የተባለውን ዕጢ እንደሚያስከትል ገለጸች። ቨርነር ኪርስተንም ከሦስት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ባሕርይ ያለው ሌላ ቫይረስ አገኘ። «ኤች» እና «ኬ» የተባሉት ፊደላት የእነዚህ ሁለት ተመራማሪዎች የስም መነሻዎች ናቸው። በቀጣዮቹ ዓመታት በተደረጉ ጥናቶች ዕጢውን የሚያመጣው ክፍል የቫይረሱ የራሱ ንብረት እንዳልሆነ ታወቀ። ቫይረሱ በአይጠ መጎጡ ህዋስ ውስጥ ሲያልፍ ከእንስሳው ዘረመል ቆርሶ የወሰደው ነበር። ይህ ግንዛቤ ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ ሳርክ በተባለው ዘረመል ላይ ካሳዩት ጋር የሚስማማ ነው። ካንሰር የሚያመጡ ዘረመሎች ከውጭ የገቡ ሳይሆኑ የጤናማ ህዋስ ዘረመሎች መልካቸውን ለውጠው እንደሆኑ ያረጋገጠው ይህ ሥራ በ1989 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል።

የሰው ካንሰርና የራስ ዘረመል ግንኙነት በግልጽ የታየው በ1982 ነው። በሮበርት ዋይንበርግ፣ በማሪያኖ ባርባሲድና በማይክል ዊግለር የሚመሩ ሦስት የምርምር ቡድኖች ከሰው የሽንት ፊኛ ካንሰር ከተገኘ የህዋስ መስመር ዲኤንኤ ወስደው ወደ አይጥ ህዋሳት በማስገባት ህዋሳቱን ወደ ካንሰርነት የለወጠውን ዘረመል ለይተው አወጡ። ዘረመሉ ኤችራስ ነበር። ከጤናማው ጋር ሲነጻጸር የተገኘው ልዩነት ደግሞ ብዙዎችን ያስገረመ ነው። በ12ኛው ኮዶን ላይ «ጂጂሲ» የነበረው ወደ «ጂቲሲ» ተለውጧል፤ በዚህም ምክንያት ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በቫሊን ተተክቷል። በሰው ካንሰር ውስጥ የአንዲት ነጠላ ፊደል ለውጥ አንድን ጤናማ ዘረመል ወደ ካንሰር ቀስቃሽነት ሊያሸጋግር እንደሚችል የታየው ያን ጊዜ ነው። ብዙም ሳይቆይ ኬራስ በሳንባና በደንዳኔ ካንሰር፣ ኤንራስ ደግሞ ኒውሮብላስቶማ በተባለው የሕፃናት የነርቭ ዕጢ ውስጥ ተገኙ።

3. ማብሪያ ማጥፊያው እንዴት ይሠራል?

የራስ ፕሮቲኖች 188 ወይም 189 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሏቸው፣ ክብደታቸውም 21 ኪሎዳልተን ያህል የሆነ አነስተኛ ፕሮቲኖች ናቸው። የተግባራቸው ቁልፍ ሁለት ተቀራራቢ ሞለኪውሎችን፣ ማለትም ጂዲፒንና ጂቲፒን በመያዛቸው ላይ የተመሠረተ ነው። ጂዲፒ ሁለት፣ ጂቲፒ ደግሞ ሦስት ፎስፌት አላቸው። ፕሮቲኑ ጂዲፒን ሲይዝ የጠፋ ነው፤ ጂቲፒን ሲይዝ ግን «መቀየሪያ አንድ» እና «መቀየሪያ ሁለት» የተባሉት የአካሉ ክፍሎች ቅርጻቸውን ለውጠው ከቀጣዩ አስተላላፊ ፕሮቲን ጋር ለመያያዝ ይዘጋጃሉ። ሦስተኛው ፎስፌት እንደ አንድ የተወጠረ ምንጭ ማሰሪያ ያገለግላል ማለት ይቻላል፤ እርሱ ሲቆረጥ መቀየሪያዎቹ ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ይመለሳሉ።

ፕሮቲኑ ይህን ዑደት በራሱ የሚያከናውነው እጅግ በዝግታ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ረዳቶች ያስፈልጉታል። የመጀመሪያዎቹ አብሪ ረዳቶች ናቸው፤ ከእነዚህም ሶስ የተባለው ፕሮቲን በሰፊው ይታወቃል። የእድገት መልእክት ኢጂኤፍአርን ከመሰለ ተቀባይ ጋር ሲያያዝ፣ ግራብ2 በተባለ አገናኝ ፕሮቲን አማካይነት ሶስ ወደ ህዋሱ ሽፋን ይጠራል። ሶስ ከራስ ጋር ሲገናኝ ጂዲፒው የተቀመጠበትን ስፍራ ፈልቅቆ እንዲወጣ ያደርገዋል። በህዋስ ውስጥ ጂቲፒ ከጂዲፒ ይልቅ በብዛት ስለሚገኝ ባዶውን ስፍራ የሚይዘው ጂቲፒ ይሆናል፤ ራስም ይበራል።

ሁለተኛዎቹ አጥፊ ረዳቶች ናቸው፤ የወል ስማቸው ጋፕ ነው። እነዚህ ራስ ጂቲፒን ወደ ጂዲፒ የሚለውጥበትን ፍጥነት በመቶ ሺህ እጥፍ ገደማ ያፋጥኑታል። ይህንንም የሚያደርጉት አርጂኒን የተባለውን አሚኖ አሲዳቸውን እንደ ጣት ዘርግተው ጂቲፒው ወዳለበት ስፍራ በማስገባት ነው። ይህ የአርጂኒን ጣት በ61ኛው ቦታ ከሚገኘው የራስ ግሉታሚን ጋር ተባብሮ የውሃ ሞለኪውል ሦስተኛውን ፎስፌት እንዲቆርጠው ያመቻቻል። ከአጥፊ ረዳቶቹ አንዱ ኒውሮፋይብሮሚን ነው፤ የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ተበላሽቶ የሚወለዱ ሰዎች ኒውሮፋይብሮማቶሲስ አንድ የተባለውን በሽታ ይዘው ያድጋሉ፤ ለተለያዩ ዕጢዎችም ይጋለጣሉ። አጥፊው ሲጎድል ማብሪያው ብቻውን እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም።

ሌላው የአሠራሩ ቅድመ ሁኔታ ቦታ ነው። ራስ የሚሠራው በህዋሱ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ብቻ ነው። ለዚህም በጭራው ጫፍ ላይ ፋርኔሲል የተባለ ቅባታማ ሰንሰለት በኢንዛይም አማካይነት ይታከልለታል። ይህ ዝርዝር ኋላ ላይ ለመድኃኒት ፍለጋው ትልቅ ተስፋንና ትልቅ ብስጭትን ያመጣ ነው።

4. አንዲት ፊደል ስትለወጥ

በካንሰር ውስጥ የሚገኙት የኬራስ ለውጦች አብላጫዎቹ በ12ኛው፣ በ13ኛውና በ61ኛው ኮዶኖች ላይ የሚያርፉ ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በ12ኛው ቦታ ያለው ግላይሲን ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ነው፤ የጎን ሰንሰለቱ አንድ የሃይድሮጂን አቶም ብቻ ነው። የአርጂኒን ጣት ወደ ጂቲፒው የሚገባበት ጠባብ መተላለፊያ ክፍት የሚሆነውም በዚህ ትንሽነቱ ምክንያት ነው። ግላይሲኑ በሌላ አሚኖ አሲድ ሲተካ ብዙውን ጊዜ የጎን ሰንሰለቱ መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ጣቱ መግባት ያቅተዋል። አብሪው ሥራውን ይቀጥላል፤ አጥፊው ግን በር ላይ ይቀራል። በ61ኛው ቦታ ያለው ግሉታሚን ሲለወጥ ደግሞ የውሃውን ሞለኪውል የሚያዘጋጀው አካል ስለሚጠፋ ውጤቱ ተመሳሳይ ይሆናል።

ይሁን እንጂ የተለወጡት የኬራስ ዓይነቶች ሁሉ አንድ አይደሉም። ግላይሲኑ በአስፓርቲክ አሲድ ሲተካ ጂ12ዲ፣ በቫሊን ሲተካ ጂ12ቪ፣ በሲስቴይን ሲተካ ጂ12ሲ፣ በአርጂኒን ሲተካ ጂ12አር ይባላል። በቆሽትና በደንዳኔ ካንሰር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ጂ12ዲ ሲሆን፣ በሳንባ ካንሰር ውስጥ ቀዳሚው ጂ12ሲ ነው። ለዚህ ልዩነት አንዱ ምክንያት የለውጡ መነሻ ነው። ጂ12ሲ የሚፈጠረው «ጂጂቲ» ወደ «ቲጂቲ» ሲለወጥ ነው፤ ይህ ዓይነቱ የጂ ወደ ቲ መለወጥ የትምባሆ ጭስ ኬሚካሎች በዲኤንኤ ላይ የሚተዉት የታወቀ አሻራ ነው። በመሆኑም ጂ12ሲ በሚያጨሱ ወይም ያጨሱ በነበሩ ታካሚዎች ዘንድ ይበዛል፤ አጭሰው በማያውቁት ዘንድ ግን ጂ12ዲ ጎላ ብሎ ይታያል። ጂ12አር በበኩሉ ከቆሽት ካንሰር ውጭ እምብዛም አይገኝም፤ ፒአይ3ኬ የተባለውን የመልእክት መስመር የማንቃት ችሎታውም ከሌሎቹ ያነሰ ነው። የአሚኖ አሲዱ ማንነት የፕሮቲኑን ጠባይ እንደሚወስን እነዚህ ምሳሌዎች ያመለክታሉ።

5. ከኬራስ በታች ያሉት የመልእክት መስመሮች

የበራ ኬራስ ከአንድ በላይ መስመሮችን ያንቀሳቅሳል። ዋናው ራፍ፣ ሜክና ኤርክ የተባሉት ሦስት ኢንዛይሞች ተራ በተራ የሚቀባበሉበት መስመር ነው። ኬራስ ራፍን ወደ ሽፋኑ ስቦ ያነቃዋል፤ ራፍ በሜክ ላይ፣ ሜክም በኤርክ ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። የነቃው ኤርክ ወደ ኑክሊየስ ገብቶ ሚክን የመሰሉ የዘረመል ተቆጣጣሪዎችን ያጠናክራል፤ ሳይክሊን ዲ1 የተባለው ፕሮቲን በብዛት እንዲመረትም ያደርጋል። ሳይክሊን ዲ1 ህዋሱን ከእረፍት ወደ መከፈል የሚያሸጋግረውን በር የሚከፍት ነው። የዚህ መስመር ክብደት የሚታወቀው ቢራፍ የተባለው የራፍ ዓይነት በሜላኖማ በሽታ ከግማሽ ያህሉ ታካሚዎች ውስጥ ተለውጦ በመገኘቱም ነው። ቢራፍ ተለውጦ በሚገኝበት ዕጢ ውስጥ የራስ ለውጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ጊዜ ማብራት ለዕጢው ትርፍ አይሰጠውምና።

ሁለተኛው መስመር ፒአይ3ኬ፣ ኤኬቲና ኤምቶር የሚገኙበት ሲሆን፣ የፕሮቲን ምርትንና የህዋሱን በሕይወት የመቆየት አቅም ያጎለብታል፤ ህዋሱ በፕሮግራም ከሚፈጸመው ሞት እንዲያመልጥም ያግዘዋል። ሦስተኛው ራል የተባሉትን አነስተኛ ፕሮቲኖች ያንቀሳቅሳል።

የኬራስ ተጽዕኖ በመባዛት ብቻ አይወሰንም። በቆሽት ካንሰር ላይ የተደረጉ ጥናቶች የተለወጠው ኬራስ የግሉኮስ አጠቃቀምን እንደሚያሻሽል፣ ህዋሱም በዙሪያው ያሉትን ፕሮቲኖች ከፈሳሽ ጋር በመጉረስ ለምግብነት እንዲጠቀምባቸው እንደሚያደርግ አሳይተዋል። የደም ሥር በሳሳበትና ምግብ በጎደለበት የቆሽት ዕጢ ውስጥ ይህ ችሎታ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። ከዚህም ሌላ የተለወጠው ኬራስ ያለባቸው ህዋሳት በሚያመነጯቸው ኬሚካሎች አማካይነት የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያዳክሙ ህዋሳትን ወደ አካባቢያቸው ይጠራሉ። ስለዚህ ኬራስ ህዋሱን ብቻ ሳይሆን የሚኖርበትንም ሰፈር ይለውጣል ማለት ይቻላል።

6. ኬራስ ብቻውን ካንሰር ያመጣልን?

የዚህ ጥያቄ መልስ አያመጣም የሚል ነው፤ ምክንያቱም ለካንሰር አፈጣጠር ያለንን ግንዛቤ ያሰፋ ነው። በ1983 በዋይንበርግ ቤተ ሙከራ የተሠራ ጥናት የተለወጠ ራስ ብቻውን ከአይጠ መጎጥ ፅንስ በቀጥታ የተወሰዱ ህዋሳትን ወደ ካንሰርነት መለወጥ እንደማይችል፣ ከሚክ ጋር ሲጣመር ግን እንደሚችል አሳየ። በ1997 ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያልተጠበቀ ነገር ታወቀ። የተለወጠ ራስ በጤናማ ህዋስ ውስጥ ሲገባ ህዋሱ በፍጥነት ከመባዛት ይልቅ ፒ53ንና ፒ16ን አከማችቶ መከፈሉን ለዘለቄታው ያቆማል። ይህ ሁኔታ ያለጊዜው የመጣ የህዋስ እርጅና ይባላል። ህዋሱ ከመጠን በላይ የሆነውን የእድገት መልእክት እንደ አደጋ ቆጥሮ በሩን ይዘጋል ማለት ነው። ካንሰር የሚከተለው እነዚህ ገቺ ፕሮቲኖች ሲጠፉ ነው።

ይህ ሥርዓት በሰው አካል ውስጥ በቅደም ተከተል ይታያል። ፈሮንና ቮግልስታይን በ1990 ባቀረቡት የደንዳኔ ካንሰር ሞዴል መሠረት በመጀመሪያ ኤፒሲ የተባለው ገቺ ዘረመል ይጠፋል፤ ትንሽ ዕጢም ይበቅላል። የኬራስ ለውጥ ሲታከል ዕጢው ያድጋል፤ በመጨረሻ ፒ53 ሲጠፋ ወደ ካንሰርነት ይሸጋገራል። በቆሽት ውስጥ ቅደም ተከተሉ ይለያል፤ ኬራስ ራሱ ቀዳሚው ነው። በቆሽት ቱቦዎች ውስጥ የሚታዩት የመጀመሪያ ደረጃ ቅድመ ካንሰር ለውጦች አብዛኛዎቹ የተለወጠ ኬራስ አላቸው፤ ፒ16፣ ፒ53ና ስማድ4 የሚጠፉት ከዚያ በኋላ ነው። ከመነሻው ለውጥ አንስቶ የዕጢው መሥራች የሆነው ህዋስ እስኪፈጠር ድረስ ቢያንስ አሥር ዓመት እንደሚያልፍ በ2010 የወጣ የዘረመል ትንተና ገምቷል። በሽታው ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተስፋፋ በኋላ ነው። በእነዚህ ጸጥተኛ ዓመታት ውስጥ በሽታውን መለየት ቢቻል የብዙዎች ዕጣ በተለወጠ ነበር።

ታዲያ ዕጢው ከተመሠረተና ሌሎች ዘረመሎችም ከተበላሹ በኋላ ኬራስ አስፈላጊነቱ ያበቃል? በ2001 በአይጦች ላይ የተደረገ ሙከራ መልስ ሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ መድኃኒት ሲሰጥ የሚበራ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ የሚጠፋ የተለወጠ ኬራስ በአይጦች ሳንባ ውስጥ አስገቡ። ኬራስ ሲበራ የሳንባ ካንሰር በቀለ፤ ሲጠፋ ደግሞ ዕጢዎቹ በፍጥነት ጠፉ። ፒ53 በሌላቸው አይጦች ላይም ውጤቱ ይኸው ነበር። ዕጢው በኬራስ ላይ ጥገኛ ሆኖ እንደሚቀር፣ ስለዚህም ኬራስን ማጥፋት ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ይህ ሙከራ አመለከተ።

7. የኬራስ ምርመራና የሕክምና ውሳኔ

ኬራስን ማጥፋት ከመቻሉ ብዙ ዓመታት በፊት የኬራስን ሁኔታ ማወቅ ብቻውን ለታካሚው ትርጉም እንዳለው ታወቀ። ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው በደንዳኔና በፊንጢጣ ካንሰር ላይ ሴቱክሲማብና ፓኒቱሙማብ የተባሉት መድኃኒቶች አጠቃቀም ነው። ሁለቱም የኢጂኤፍአርን ተቀባይ የሚዘጉ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። አመክንዮው ቀላል ነው፤ ተቀባዩ ሲዘጋ መልእክቱ ይቋረጣል። ነገር ግን ኬራስ ከተቀባዩ በታች ያለ በመሆኑ፣ እርሱ በራሱ በርቶ ከቀረ ከላይ ያለውን መዝጋት ምንም አይጠቅምም።

በ2008 የታተመ ጥናት ይህን በታካሚዎች ሕይወት መጠን አሳየ። ኬራሳቸው ካልተለወጠ ታካሚዎች መካከል ሴቱክሲማብ የወሰዱት በመካከለኛ ግምት 9.5 ወራት ሲኖሩ፣ ደጋፊ እንክብካቤ ብቻ ያገኙት 4.8 ወራት ኖረዋል። ኬራሳቸው በተለወጠባቸው ታካሚዎች ዘንድ ግን ልዩነት አልነበረም፤ አንደኛው ወገን 4.5፣ ሁለተኛው 4.6 ወራት ነው። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ምርመራው በኮዶን 12 እና 13 ብቻ መወሰን እንደሌለበት አስገነዘበ። በዚህ ክፍል ለውጥ ካልተገኘባቸው ታካሚዎች 17 በመቶ የሚሆኑት በሌሎች የኬራስ ወይም የኤንራስ ክፍሎች ላይ ለውጥ ነበራቸው። የራስ ለውጥ ባለባቸው ታካሚዎች ላይ ፓኒቱሙማብ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲታከል ውጤቱን አሳነሰው እንጂ አላሻሻለውም። ስለዚህ የራስ ምርመራ ሳይደረግ እነዚህን መድኃኒቶች ማዘዝ ወጪን ማባከን ብቻ ሳይሆን ታካሚውን ለጉዳት ማጋለጥም ነው።

8. ለአርባ ዓመታት ያልተከፈተው በር

ኬራስ ከተገኘ በኋላ ለረጅም ጊዜ መድኃኒት የማይገኝለት ፕሮቲን ተብሎ ቆይቷል። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ብዙ መድኃኒቶች የሚሠሩት ኢንዛይሙ የሚይዘውን ሞለኪውል ተክተው በመቀመጥ ነው። ራስ ጂቲፒን የሚይዝበት ጥንካሬ ግን እጅግ ከፍተኛ ነው፤ በህዋስ ውስጥ ያለው የጂቲፒ ክምችትም ብዙ በመሆኑ ከእርሱ ጋር ተሻምቶ ማሸነፍ የማይታሰብ ነበር። ሁለተኛ፣ የፕሮቲኑ ገጽ ለስላሳና ጉድጓድ አልባ ስለሚመስል መድኃኒት ሊቆናጠጥበት የሚችል ስፍራ አልታየም።

የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ዙሪያ ጥምጥም የሄደ ነበር። ራስ ያለ ፋርኔሲል ሽፋኑ ላይ መለጠፍ ካልቻለ ፋርኔሲሉን የሚያክለውን ኢንዛይም መግታት በቂ ይሆናል ተብሎ ታሰበ። መድኃኒቶቹ በቤተ ሙከራ ተሳክተው ነበር፤ በታካሚዎች ላይ ግን የተጠበቀውን ውጤት አላስገኙም። ምክንያቱ ኋላ ላይ ታወቀ። ኤችራስ በፋርኔሲል ላይ ብቻ የተመሠረተ ቢሆንም፣ ኬራስና ኤንራስ ያ መንገድ ሲዘጋባቸው በሌላ ኢንዛይም አማካይነት ጄራኒልጄራኒል የተባለ ተመሳሳይ ሰንሰለት ይታከልላቸዋል። የሙከራው መነሻ በኤችራስ ላይ የተገኘ ውጤት ነበር፤ በታካሚዎች ውስጥ የሚበዛው ደግሞ ኬራስ ነው። ለአንዱ የቤተሰብ አባል የተረጋገጠው ለሌላው ይሠራል ብሎ መገመት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ይህ ታሪክ ያስተምራል።

በሩ የተከፈተው በ2013 ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኬቫን ሾካት ቡድን ጂ12ሲ ከሌሎቹ የሚለይበትን አንድ ነገር ተጠቀመ። ሲስቴይን ከሌላ ሞለኪውል ጋር ቋሚ ኬሚካዊ ትስስር መፍጠር የሚችል የሰልፈር አቶም አለው፤ በጤናማው ኬራስ ውስጥ በዚያ ቦታ ሲስቴይን የለም። ቡድኑ ከዚህ ሲስቴይን ጋር የሚያያዙ ትናንሽ ሞለኪውሎችን ሲፈልግ፣ በመቀየሪያ ሁለት ሥር ከዚያ በፊት ያልታየ ጉድጓድ አገኘ። ጉድጓዱ የሚከፈተው ፕሮቲኑ ጂዲፒን በያዘበት፣ ማለትም በጠፋበት ጊዜ ነው። ሞለኪውሉ እዚያ ሲቆናጠጥ ፕሮቲኑ እንደጠፋ ይቀራል።

ሁልጊዜ በርቷል የተባለ ፕሮቲን በጠፋበት ቅጽበት ሊያዝ መቻሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። መልሱ ጂ12ሲ በራሱ ጂቲፒን የመቁረጥ ችሎታውን አብዛኛውን ያልተነጠቀ መሆኑ ነው። የጋፕን እርዳታ ባያገኝም በዝግታ ይጠፋል፤ መልሶም ይበራል። መድኃኒቱ በዚህ ዑደት ውስጥ አድፍጦ ይጠብቀዋል። ጂ12ሲ የማይንቀሳቀስ ማብሪያ ቢሆን ኖሮ ይህ ስልት አይሠራም ነበር።

ከዚህ ግኝት የተነሣው ሶቶራሲብ በግንቦት 2021 ገደማ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለሳንባ ካንሰር ተፈቀደ፤ አዳግራሲብም በ2022 መጨረሻ ተከተለው። ሶቶራሲብ በተፈቀደበት ጥናት ቀድሞ ሌላ ሕክምና ከወሰዱት ታካሚዎች 37 በመቶ በሚሆኑት ላይ ዕጢው በግልጽ ቀንሷል፤ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜም 6.8 ወር ነበር። ዶሴታክሴል ከተባለው ኬሞቴራፒ ጋር ሲነጻጸር ግን በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜ 5.6 ወር ከ4.5 ወር ጋር ሆነ፤ ታካሚዎቹ በሕይወት የቆዩበት ጠቅላላ ጊዜ ላይ ልዩነት አልታየም። በሩ ተከፍቷል፤ ጉዞው ግን ገና መጀመሩ ነው።

9. ዕጢው መልሶ የሚነሣበት መንገድ

ዕጢው መድኃኒቱን የሚያመልጥባቸው መንገዶች የመልእክት ሥርዓቱን ተፈጥሮ ያጋልጣሉ። በደንዳኔ ካንሰር ውስጥ ሶቶራሲብ ብቻውን ሲሰጥ ዕጢ የቀነሰላቸው ከአሥሩ ታካሚዎች አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከሳንባ ጋር ያለው ይህ ልዩነት የመጣው ከግብረ መልስ ነው። ኤርክ በጤናማ ሁኔታ ወደ ላይ ተመልሶ ተቀባዮችን የሚያቀዘቅዝ መልእክት ይልካል። ኬራስ ሲታገድ ኤርክ ይዳከማል፤ ቅዝቃዜውም ይነሣል። በደንዳኔ ህዋሳት ውስጥ ይህን ተከትሎ ኢጂኤፍአር በኃይል ይነቃል፤ አዲስ የተመረተውን ኬራስና ሌሎቹን የራስ አባላት ያበራል። መፍትሔው ከዚህ ግንዛቤ የመነጨ ነው። ሶቶራሲብ ከፓኒቱሙማብ ጋር በተሰጠበት ጥናት ከፍተኛውን የሶቶራሲብ መጠን የወሰዱት ታካሚዎች በሽታው ሳይባባስባቸው የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 5.6 ወር ሲሆን፣ በተለመደው ሕክምና 2.2 ወር ነበር። ብቻውን የማይጠቅመው የኢጂኤፍአር መድኃኒት ኬራስ ሲታገድ ጠቃሚ ሆነ።

ሌሎቹ መንገዶች ዘረመላዊ ናቸው። አዳግራሲብን ሲወስዱ በሽታው በተመለሰባቸው ታካሚዎች ላይ በ2021 የታተመ ጥናት ከ38ቱ በ17ቱ ላይ ሊሆን የሚችል ምክንያት ለይቷል። አንዳንዶቹ በመድኃኒቱ ጉድጓድ ውስጥ አዲስ የአሚኖ አሲድ ለውጥ አምጥተዋል፤ አንዳንዶቹ የተለወጠውን ኬራስ ቅጂ አብዝተዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ሌላ ተቀባይን ወይም ከኬራስ በታች ያለን ፕሮቲን አንቅተዋል። በአንድ ታካሚ ውስጥ ከአንድ በላይ መንገድ በአንድ ጊዜ የተገኘበት ሁኔታም አለ።

10. ለምርምር የቀረቡ ጥያቄዎች

ቀዳሚው ጥያቄ የቀሩት የኬራስ ዓይነቶች ጉዳይ ነው። ጂ12ሲ በቆሽት ካንሰር ውስጥ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት በሚሆኑ ታካሚዎች ላይ ብቻ ይገኛል፤ እጅግ የሚያስፈልጋቸው ከመድኃኒቱ ውጭ ቀርተዋል ማለት ነው። ሲስቴይን የሌለውን ጂ12ዲን ያለ ቋሚ ትስስር የሚይዙ ሞለኪውሎችና የበራውን ራስ ሳይክሎፊሊን ኤ ከተባለ የህዋስ ፕሮቲን ጋር አጣብቀው መንገዱን የሚዘጉ ሞለኪውሎች በሰው ላይ በመሞከር ላይ ናቸው። የኋለኞቹ ጤናማውንም ራስ ስለሚነኩ ዕጢውን የሚጎዳውና ጤናማ ህብረህዋስ የሚችለው መጠን የት ላይ እንደሚለያዩ መወሰን ዋና ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የማን ኬራስ እየተጠና ነው የሚለው ነው። እስካሁን የተጠቀሱት አሃዞች በአብዛኛው የተገኙት ከአውሮፓ፣ ከሰሜን አሜሪካና ከምሥራቅ እስያ ታካሚዎች ነው፤ በትልልቆቹ የካንሰር ዘረመል ክምችቶች ውስጥ የአፍሪካውያን ናሙና እጅግ አነስተኛ ነው። በኢትዮጵያ ግንባር ቀደም ከሆኑት ካንሰሮች የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር በኬራስ የሚመሩ አይደሉም፤ በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታወቀው የምግብ ቧንቧ ስኳመስ ካንሰርም የኬራስ ለውጥ እምብዛም አይታይበትም። በአገሪቱ ከሚበዙት ካንሰሮች አንዱ የሆነው የደንዳኔና የፊንጢጣ ካንሰር ግን የኬራስ ጥያቄ በቀጥታ የሚመለከተው ነው። በፓቶሎጂ ክፍሎች የሚቀመጡ በፎርማሊን የተጠበቁ ናሙናዎች ለዚህ ምርመራ የሚያገለግሉ በመሆናቸው፣ የትኛው የኬራስ ዓይነት በስንቱ ታካሚ ላይ እንደሚገኝ መቁጠር ውስብስብ መሣሪያ ሳይጠይቅ ሊጀመር የሚችል የድኅረ ምረቃ ሥራ ነው። የትኛውን መድኃኒት ማስገባት እንደሚበጅ የሚወስን አካል የሚያስፈልገው መረጃም ይኸው ነው።

ማጠቃለያ

ኬራስ በመልእክት ሰንሰለት ውስጥ ማዕከላዊ ስፍራ የያዘ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በ12ኛው ኮዶን ላይ የምትደርስ አንዲት የፊደል ለውጥ የጋፕን መግቢያ ዘግታ ፕሮቲኑ በርቶ እንዲቀር ታደርጋለች፤ ገቺ ዘረመሎች ሲጠፉም ህዋሱ ወደ ካንሰርነት ይሸጋገራል። ዕጢው ካደገ በኋላም በኬራስ ላይ ያለው ጥገኝነት ብዙውን ጊዜ አይቋረጥም። ይህን ጥገኝነት ለሕክምና ለማዋል አርባ ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ መንገዱን የከፈተውም የአንድን የተለወጠ ፕሮቲን ልዩ ጠባይ በዝርዝር ማወቅ ነው። የተገኙት መድኃኒቶች ዕድሜያቸው አጭር፣ ተጠቃሚዎቻቸውም ጥቂት ናቸው። ቀጣዩ እርምጃ የቀሩትን የኬራስ ዓይነቶች መድረስ፣ ዕጢው የሚያመልጥባቸውን መንገዶች አስቀድሞ በጥምር ሕክምና መዝጋትና እስካሁን ያልተቆጠሩ ታካሚዎችን መቁጠር ይሆናል።